ለእንግዳ የተጠረገው መንገድ

ከሁለት ሳምንት በፊት አርብ ቀን፣ አባባ ከጁምዓ ተመልሰው የሱቁን በር ገና እየከፈቱ ሳለ፣ የወንድሜ ልጅ ሰሚራ እየሮጠች መጣች። የሲቪል ምሕንድስና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችና «አክስቴ፣ ተቀበሉኝ! የክረምት የምርምር ልምምድ አገኘሁ፤ በትራንስፖርት!» አለችኝ። አቅፌ ሳምኳት። አባባ ከባንኮኒው ኋላ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ከረሜላ አነሱላት፤ ለእሳቸው አሁንም ሕፃን ናት። «ደግሞ የት እንደተመደብኩ ብታይ! ሌሎቹ አዲስ አበባ የመኪና መጨናነቅ ሊያጠኑ ነው፤ እኔ ግን እዚሁ ጋምቤላ» አለችና የክልሉን የመንገድ ካርታ ከፈተችልኝ።

ካርታው ያምራል። ክረምት ሲገባ የሚቋረጠው መንገድ ቀይ፣ አጠራጣሪው ቢጫ፣ ዓመቱን ሙሉ መኪና የሚያስኬደው አረንጓዴ ተቀብቷል። ከከተማችን ተነሥቼ በዓይኔ ወረድኩ፤ ኢታንግን፣ ኩሌን እያልኩ ሄጄ ከዋናው መንገድ ወደ ባሮ የምትገነጠል አንዲት ቀጭን መስመር ላይ ስደርስ ቆምኩ። አረንጓዴ ናት።

«ይቺን ማን ነው አረንጓዴ የቀባት?» አልኩ። ድምፄ ሳላስበው ከፍ ብሎ ኖሮ ሳሙና ሊገዛ የመጣ ሰው ዞሮ አየኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አክስቴ? ከድሮ ጥናት የተወሰደ ነው ይላል። ምነው?»

እኔ ግን አውቃለሁ። የቀባትን ሰውዬ አውቀዋለሁ። የመጣበትን መኪና፣ ያደረገውን ነጭ ጫማ፣ የዚያን ቀን የበላውን አሳ ሳይቀር አውቃለሁ። ለልጅቷ ግን ምንም አላልኳትም፤ ከረሜላዋን እንደያዘች ደንግጣ ቆማ ነበር፤ በደስታዋ ቀን ያን ሁሉ ልዘረግፍባት አልፈለግሁም። ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ። ደሜ ግን እስካሁን አልበረደም፤ ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

ያኔ እኔም እንደ እሷ ሦስተኛ ዓመት ነበርኩ። አባባ ከወሎ መጥተው እዚህ ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው፤ ጨው፣ ሳሙና፣ የአሳ መንጠቆ፣ ናይለን ክር፣ አጎበር ይሸጣሉ። እኔ የተወለድኩት እዚሁ ነው። ዩኒቨርሲቲ ደጋ ደርሶኝ ሦስት ዓመት በብርድ ስንቀጠቀጥ ኖሬ፣ የክረምት ልምምድ የት ትፈልጋላችሁ ሲባል የክፍሌ ልጆች በሙሉ አዲስ አበባና አዳማ ሲሉ እኔና ኦኬሎ ጋምቤላ አልን። ኦኬሎ የኢታንግ ልጅ ነው፤ አኙዋ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ። እኔ አሥር ዓረፍተ ነገር ስናገር እሱ አንድ ቃል ይናገራል፤ የሚያናድደው ነገር የዚያች አንዲት ቃል ትክክለኛነት ነው። እኔን በክፍል ውስጥ «በርበሬ» ይሉኝ ነበር። ስሙ አልተሳሳተም።

የጥናቱ ጥያቄ ቀላል ነበር። ክረምት ሲገባ ከሐኪም ቤት የሚቆረጠው የትኛው መንደር ነው? ነገሩ የወረቀት ጥያቄ ብቻ አልነበረም። አንድ ድርጅት በሽተኛ የምታመላልስ ባለ ሞተር ጀልባ አዘጋጅቶ ነበር፤ አንዲት ብቻ። በዚያው ክረምት ከሁሉ ይልቅ ለተቆረጠው መንደር ትሰጥ ተባለና መንደሩን የመምረጡ ነገር ለዩኒቨርሲቲያችን፣ ከዩኒቨርሲቲያችንም ለአማካሪያችን ለዶክተሩ ደረሰ። ስሙን አልጽፍም። አንባቢ ይቅር ይበለኝ፣ ሰውየውን አንቱ ማለትም አልሆነልኝም፤ ስንት ጊዜ ሞክሬ እጄ እምቢ አለ። እሱ ከተማ ውስጥ ማቀዝቀዣ ያለው ሆቴል ተቀመጠ፤ እኔና ኦኬሎ መንደር ገባን።

የመንደሩንም ስም አልጽፍም። ሰዎቹ ዛሬም ጉዳያቸው በሹማምንት እጅ ነው። መንገዱ ከዋናው መንገድ ዳር ካለው ትልቅ ሾላ ሥር ይጀምርና በረጅም ሣር መካከል እየተጠማዘዘ ባሮ ዳር ይደርሳል። በበጋ ላንድክሩዘር አቧራውን እያስነሣ ያልፍበታል። ክረምት ሲገባ ግን ያ ጥቁር መረሬ አፈር ውሃውን ይጠጣና ያብጣል። እግር ይወጣል፣ ጫማ ይቀራል። እኔ ከአባባ ሱቅ ወስጄ የሄድኩትን አዲስ ቦት አንደኛውን እግር እዚያው ቀብሬ ነው የመጣሁት፤ ኦኬሎ እጁን እስከ ብብቱ ከትቶ ፈልጎ አጣው።

ሥራችን ከሾላው ሥር ተቀምጠን ከመንደሩ የሚወጣውንና የሚገባውን ሁሉ መመዝገብ፣ ማናገር፣ ወዴት እንደሚሄድና ምን ያህል እንደደከመ መጠየቅ ነበር። በቆሎ ተሸክመው የሚያልፉ ሴቶች የያዙትን አስቀምጠው የተጠበሰ በቆሎ ሰብረው ይሰጡን ነበር። ብስክሌት ያለው ሰው ብስክሌቱን በትከሻው አንጠልጥሎ ይመጣል። አንድ ቀን ግራ ገብቶኝ «ኦኬሎ፣ ይሄን በየትኛው ልጻፈው? ብስክሌት ነው ወይስ እግረኛ?» ስለው ሰውየውን ትንሽ አየና «ጭነት» አለኝ።

በወንዙስ ለምን አይሄዱም የሚል ይኖራል። ዶክተሩም ብሏል። ኢታንግ ጤና ጣቢያው ያለው ከእነሱ ወደ ላይ፣ ውሃው ከሚመጣበት ነው። ባሮ በክረምት ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ እየነዳ ይወርዳል። ያን ውሃ በታንኳ፣ በመቅዘፊያ፣ የታመመ ሰው ጭኖ ሽቅብ መውጣት አይቻልም። ሞተር ይፈልጋል። ለዚህ ነው ያቺ አንዲት ጀልባ የመንደሩ ወሬ ሁሉ የነበረችው።

ያረፍነው ማማ አሪየት ግቢ ነው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ በቤተ ክርስቲያን መዝሙር የሚያስጀምሩ፣ ሳቃቸው ከሩቅ የሚሰማ ሴት ናቸው። አማርኛቸውን ኢታንግ ገበያ አሳ ሲሸጡ ነው የለመዱት፤ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነው የሚሉት። «ፋጡማ፣ አንተ ከሳህ፤ ብላ!» እያሉ የበቆሎ ገንፎ በአሳ መረቅ ይደቅኑብኛል። ሙስሊም መሆኔን ገና በገባሁ ዕለት ከኦኬሎ አጣርተው ኖሮ፣ በዚያ ግቢ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ሥጋ በፊቴ ቀርቦ አያውቅም። አሳ የማን እርድ ነው የሚል ጣጣ የለበትም። እኔ ጠይቄ አይደለም፤ ማንም አላስተማራቸውም። እንግዳ እንዳይሳቀቅ ማሰብ ለእነሱ እንደ መተንፈስ ነው። ይህን የምለው ለማሞገስ ብቻ እንዳልሆነ ወደ በኋላ ይገባችኋል፤ የቆረጣቸው ይኸው ነውና።

ልጃቸው አጁሉ በእኔ ዕድሜ ነበረች፤ ነፍሰ ጡር። ባሏ ሥራ ፍለጋ ደቡብ ሱዳን ዘመዶቹ ዘንድ ተሻግሯል። ልጁ ለመስከረም ይጠበቃል። በባዶ እግሬ ጭቃውን ስዳክር እያየች እስኪያማት ትስቅብኛለች፤ ከዚያ መጥታ እግሬ ላይ ውሃ ታፈስልኛለች። አንድ ከሰዓት በቆሎ እየጠበስን ያለፈውን ክረምት ነገረችኝ። ምጥ ሲጠናባት ወንዶቹ ከነአልጋዋ ተሸክመዋት ወጡ። ጭቃው እየያዛቸው፣ እየወደቁ፣ እየተነሡ ሾላው ሥር ሲደርሱ ልጇ ተወልዶም ሞቶም ነበር። እንዲህ ስትለኝ በቆሎውን እያገላበጠች ነው። «ጀልባው ይመጣል?» አለችኝ። «ይመጣል» አልኳት። ማንም የሚያይ ሰው ቢመጣ ሌላ ነገር ሊል እንደማይችል እርግጠኛ ነበርኩ። መንገዱ ራሱ ይመሰክራል ብዬ ነበር።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ዶክተሩ በመጨረሻ «ራሴ መጥቼ አያለሁ» ብሎ ላከብን። ስልክ የሚሠራው ኢታንግ ስለነበር እኔና ኦኬሎ ሄደን ልንጠብቀውና ይዘነው ልንመጣ ተስማማን። ከመሄዳችን በፊት ኦኬሎ ለሽማግሌዎቹ ነገራቸው፤ ጀልባዋ ለማን እንደምትሰጥ የሚወስነው ሰው መንገዱን ሊያይ ይመጣል አላቸው። ማማ አሪየት አጨበጨቡ። እኛም ደስ ብሎን ጭቃውን እየሰነጠቅን ወጣን።

ዶክተሩ ኢታንግ ሲደርስ ነጭ ሸራ ጫማ አድርጎ ነበር። ጫማውን ሳይ ልቤ ጮቤ ረገጠ፤ እውነቴን ነው። መኪናው ኋላ ተቀምጬ ያን ጫማ እያየሁ፣ የትኛው ቦታ ላይ እንደምንያዝ፣ እንዴት እንደሚወርድ፣ የቱ እግሩ ቀድሞ እንደሚሰጥም ሳሰላ ነበር የሄድኩት። ያን ቀን እንደ ጭቃ የናፈቅሁት ነገር አልነበረም።

ሾላው ጋ ታጠፍን። መኪናው ገባ። የመጀመሪያው መያዣ ቦታ ደረስን፤ ቦቴን የቀበርኩበት። መኪናው አለፈው። ዞሬ አየሁ። ጉድጓዱ በቀይ አፈር ተሞልቶ፣ ላዩ በእግር ተጠቅጥቆ፣ ደንገል ተነጥፎበታል። ሁለተኛውም እንዲሁ። ውሃው የሚያቋርጥበት ቦታ ግንድ ተጋድሞ፣ ቅጠል ተደርቦ፣ አፈር ለብሷል። በግራና በቀኝ ሣሩ ታጭዷል። ሜዳው ላይ እንደ ቤት የቆሙ የምስጥ ኩይሳዎች የነበሩበት ቦታ ባዶ ነው፤ ያን አፈር ቆፍረው፣ በቅርጫት፣ በሳፋ፣ በራሳቸው ተሸክመው አምጥተው መንገዱ ላይ ደፍተውታል። መንደሩ በሙሉ፣ አሮጊት ሳይቀር፣ እኛ በሌለንበት ሠርቷል። ዝናቡስ? ዝናቡም ከእነሱ ጋር አብሯል። እንግዳው እስኪመጣ እግዚአብሔር ሰማዩን እንዲይዝላቸው ቤተ ክርስቲያን ገብተው ጸልየው ኖሮ፣ ይዞላቸዋል።

ኦኬሎን አየሁት። መስኮቱን ይዞ ወደ ውጭ ያያል፤ መንጋጋው ይንቀሳቀሳል።

«ጥሩ መንገድ ነው እኮ» አለ ዶክተሩ። «እናንተ ልጆች አጋናችሁት።»

መንደሩ መግቢያ ላይ ሰው ሁሉ የእሑድ ልብሱን ለብሶ በሁለት ረድፍ ቆሟል። ማማ አሪየት ከፊት ሆነው መዝሙር አስጀመሩ። እጃቸው እስከ ክርናቸው ተሰነጣጥቆ ነበር፤ አጁሉ ከጎናቸው ሆዷ ገፍቶ ታጨበጭባለች። ዶክተሩን ጥላ ሥር አስቀመጡት። ከባሮ የወጣ ትልቅ አሳ ተጠብሶ መጣ። ለእኔ ደግሞ አንዲት ዶሮ በሕይወቷ እግሯ ታስሮ ተሰጠችኝ፣ አባቴ እንዲያርዷት። ዶክተሩ በላ፤ አጥንቱን እየጠባ በላ። እጁን ሲታጠብ ማማ አሪየት ቀረብ ብለው በዚያ አማርኛቸው ጠየቁት።

«መንገድ እንዴት ነበር? ደከመህ?»

«ኧረ በጭራሽ! በጣም ጥሩ መንገድ ነው» አላቸው።

ኦኬሎ መተርጎም አላስፈለገውም። ሁሉም ገባቸው። መንደሩ በሙሉ በእልልታ አጨበጨበ። እንደዚያ ዓይነት ጭብጨባ በሕይወቴ አልሰማሁም፤ እንዳልሰማም እለምናለሁ። አንድ ሰው ራሱ ላይ የተፈረደውን ፍርድ ሲያጨበጭብለት ከማየት የበለጠ የሚያንገበግብ ነገር የለም።

ከግብዣው ኋላ ኦኬሎ ሽማግሌዎቹን ለብቻቸው ወስዶ አናገራቸው። እሱ ሲቆጣ ድምፁ ይቀንሳል። እኔ ቋንቋውን ባልሰማም ማማ አሪየት ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ፤ መጀመሪያ ግራ መጋባት፣ ከዚያ ቅያሜ። «ምን አሉህ?» ስለው ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም ንግግር ተናገረኝ። «‹እንግዳ ጭቃ ውስጥ ይስጠም እያልከን ነው ወይ? ማን አሳደገህ?› አሉኝ። ‹ሰው ተናዶ ከገባ ችግራችንን አይሰማም፤ ደስ ብሎት ከገባ ይሰማናል። አሁን ደስ ብሎታል። ንገሩት› አሉኝ።»

ታዲያ ነገርነው። ስንመለስ መኪና ውስጥ ገና ከመንደሩ ሳንርቅ ጀመርኩ።

«ዶክተር፣ ይሄ መንገድ ባለፈው ሳምንት አልነበረም። ለእርስዎ ነው የተሠራው።»

«እንዴት ለእኔ?»

«እንግዳ ይመጣል ስለተባለ። የምስጥ ኩይሳ አፍርሰው፣ ደንገል አጭደው ነው የሞሉት። እኛ ስንወጣ ጭቃው እስከ ጉልበታችን ነበር።»

ሰውዬው ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ። «ታዲያ ይሄ ግሩም አይደለም?» አለ። «ማኅበረሰቡ በራሱ ጉልበት መንገዱን ክፍት የማድረግ አቅም አለው ማለት ነው። ይሄ ራሱን የቻለ ግኝት ነው። ጻፉት።»

«ምስጥ አፈር ነው» አለ ኦኬሎ ከጎኔ። «አንድ ዝናብ ነው የሚበቃው።»

«ኦኬሎ፣ ተመራማሪ ያየውን ነው የሚጽፈው። ‹ይዘንብ ይሆናል› ብሎ አይጽፍም።»

«እኛስ ያየነው?» አልኩ፤ መጮኼ ነበር። «ክረምቱን ሙሉ እዚህ ተቀምጠን ያየነውስ? ሴትየዋ በአልጋ ስትወጣ ልጇ የሞተባት መንገድ ነው እኮ!»

«እናንተ» አለ ዶክተሩ የመኪናውን መስኮት ዝቅ እያደረገ፣ «እናንተ ልምምድ ላይ ናችሁ።»

ሹፌሩ በመስታወት አየኝ። ዶሮዋ እግሬ ሥር ታስራ ትንጫጫለች።

በማግስቱ ሰማይ ተቀደደ። እኔና ኦኬሎ ተመልሰን ስንገባ የምስጡ አፈር ሾርባ ሆኖ፣ ደንገሉ ላዩ ላይ ተንሳፍፎ፣ ግንዱን ውሃ ወስዶት አገኘነው። ያ ሁሉ ድካም ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን ብቻ ነበር። እስከ ጉልበታችን ቆመን ፎቶ አነሣን፤ ኢታንግ ድረስ ሄደን ላክንለት። የመለሰልን ቃል አሁንም በጆሮዬ አለ። «ቆንጆ ፎቶ ነው። ሪፖርቱ ግን ገብቷል።»

ጀልባዋ ወደ ሌላ መንደር ሄደች። የሄደችበትን መንደር አልጠላም፤ እነሱም ሰዎች ናቸው፣ እነሱም ያስፈልጋቸው ነበር። ምናልባት እነሱ እንደ ማማ አሪየት እንግዳ ሲመጣ መንገድ የሚጠርግ ሰው አልነበራቸውም። እኔ ይህን የሰማሁት ትምህርት ተከፍቶ ደጋ ከገባሁ በኋላ ነው። ኦኬሎ በቤተሰብ ጉዳይ ዘግይቶ ኢታንግ ቀርቶ ነበር። መስከረም ላይ ደወለልኝ። እንደ ልማዱ አጭር ነበር። «አጁሉን በአልጋ አወጧት። እሷ ተርፋለች» አለኝ። ስለ ልጁ አልጠየቅሁትም። «እሷ» ሲል ገብቶኛል።

በዚያው ወር የልምምዱ ውጤት መጣ። ኤ አገኘሁ። ሪፖርቱ ውስጥ «የማኅበረሰብ ተሳትፎ» የሚል አንድ ሙሉ ምዕራፍ ነበር፤ ማማ አሪየት እያጨበጨቡ የተነሡት ፎቶ አለበት። አባባ ምንም ሳያውቁ የምስክር ወረቀቴን በፍሬም አሠርተው ከሳሙናው መደርደሪያ በላይ ሰቀሉት። እረፍት ስመጣ አወረድኩት። «ምነው ልጄ?» ሲሉኝ ነገርኳቸው፤ ከዚያ በኋላ እሳቸውም አላነሡትም። አጁሉ በኋላ የወለደቻቸውን ልጆች እኛ ቤት፣ ኒውላንድ፣ ክረምቱ ከመግባቱ አስቀድማ መጥታ ተቀምጣ ነው የወለደቻቸው። ይህን ያደረገችው እናቴ ናት፤ አላህ ይማራት። ምርምር የሚባል ነገር አላስፈለጋትም።

እኔ ዛሬ የመንገድ ቱቦና ትንንሽ ድልድይ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ መሐንዲስ ነኝ። ያቺ መንገድ ከፍ ተደርጋ አፈር እንድትለብስ፣ ውሃ ማሳለፊያ እንዲገባላት ስንት ቢሮ እንደገባሁ አልቆጥርም። በትሕትና ገባሁ፣ በቁጣ ገባሁ፣ በሰው በሰው ገባሁ። መልሱ ሁሌ አንድ ነው። «ፋጡማ፣ እሷ እኮ ክረምት ከበጋ የምታስኬድ ናት ተብላ ተይዛለች። ቀይ የሆኑትን ሳንጨርስ እንዴት አረንጓዴ ላይ ብር እናፈሳለን?» እንግዲህ ሰሚራ በዚያ ስልኳ ያሳየችኝ ይህንኑ ነው። ካርታው ታድሷል፣ ቀለሙ ደምቋል፣ ውሸቱ እንዳለ ነው።

ልጅቷን ስትረጋጋ አስቀምጬ ጠየቅኋት። ካርታውን ለማጣራት ከአስተማሪዋ ጋር በመኪና በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ መንደሩን ያያሉ። አስተማሪዋ ለመንደሩ ደብዳቤ ልትጽፍ ነበር፤ ሰሚራ «አክስቴ ታውቃቸዋለች፣ እሷ ትነግራቸዋለች» ብላት ለእኔ ተወችው። አሁን ኔትወርክ መንደሩም ድረስ ገብቷል። ደወልኩ። አጁሉ አንሥታ ከሳቀችብኝ በኋላ ለእናቷ ሰጠችልኝ።

«ማማ፣ የወንድሜ ልጅ ልትመጣ ነው፤ መንገዱን ልታይ። እባክዎ መንገዱን እንዳትነኩት። በአላህ ይዤዎታለሁ።»

«ያንተ ልጅ?» አሉ ማማ አሪየት። ድምፃቸው አርጅቷል፤ ሳቁ ያው ነው። «ያንተ ልጅ በጭቃ ይመጣል? አይሆንም ፋጡማ። መቼ ነው?»

የተሰነጣጠቀው እጃቸው ታየኝ።

«ሰኞ» አልኳቸው። ቀኑንም ቆጠርኩላቸው፤ ከሐሙስ በኋላ ያለው ሰኞ ነው።

ስልኩን ስዘጋ አባባ በመነጽራቸው ላይ እያዩኝ ነበር። «ልጅቷ ሐሙስ ነው የምትሄደው አላላችሁም?» አሉ።

«ነው።»

«ሰው ቤት ከተባለበት ቀን ቀድሞ መግባት ነውር ነው፣ ፋጡማ። ሰው ያሳፍራል።»

«ነውሩ በእኔ ይሁን፣ አባባ» አልኩ። አባባ ብዙ አሰቡ። ከዚያ ተነሥተው መደርደሪያውን ፈትሸው ረጅሙን የላስቲክ ቦት ሁለት ጥንድ አወረዱ፤ አንዱን ለሰሚራ፣ አንዱን ለአስተማሪዋ።

ትናንት ሐሙስ ነበር። ዝናቡ ከዋዜማው ጀምሮ ሲወርድ አድሮ፣ ጠዋት ሱቁ በር ላይ ቆሜ ሰማዩን ሳይ ደስ አለኝ። የሰው ደግነት ራሱን ሰውየውን መልሶ የሚመታበት አገር ያሳዝናል። እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ እያልን በየመድረኩ የምናወድሰውን ሰው፣ በዚያው እንግዳ ተቀባይነቱ ስንት ነገር እንደነጠቅነው ማንም አስልቶ አያውቅም። ለሰው ፊት አሳምሮ የሚቀበል ሰው ችግሩን የሚያሳይበት ቀን አጥቶ ይኖራል። ያ ዶክተር ጡረታ ወጥቶ ይሆናል፣ ሞቶም ይሆናል፤ እኔ ግን ዛሬም በሐሳቤ ያን ነጭ ጫማ ጭቃ ውስጥ እከተዋለሁ።

ከቀትር በኋላ ስልኬ ጮኸ። ሰሚራ ናት፤ ከኋላዋ የሰው ጫጫታና የሞተር ጩኸት ይሰማል። «አክስቴ፣ መኪናው ተያዘ! ሾላውን ገና እንዳለፍን። አስተማሪዬ ወርዳ እስከ ጭኗ ገባች፤ ቦቷ ጭቃው ውስጥ ቀረ። የመንደሩ ሰው ሁሉ መጥቶ እየጎተተን ነው። ማማ አሪየት ስልኩን ስጠኝ እያሉኝ ነው፤ ተቆጥተዋል።»

ስልኩ እጅ ተለዋወጠ።

«ፋጡማ!» አሉ ማማ አሪየት፤ ሊያለቅሱ ደርሰዋል። «አንተ ሰኞ አልክ! እኛ ምንም አልሠራንም። ለምን አሳፈርከን? እንግዳ ጭቃ በላው!»

«ይብላው፣ ማማ» አልኳቸው። «ይብላው።»